ዓይኑ የጎደለው ዋንጫ

መምህሬ ሽቷቸውን አስቀድመው ቤተ ሙከራዬ ሲገቡ ያቅለሸልሸኛል። ዱሮ አልነበረም፤ አሁን ነው። ጡረታ ሊወጡ ነው፣ በወንበራቸውም እኔ እንድተካ ለሙዚየሙ ቦርድ ተናግረዋል። ዕድሜዬን በቅርስ ቁፋሮ ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክኬ የጨረስኩት ለዚያ ወንበር ነው። የቀረኝ አንድ የጥንት ግሪኮች የወይን ጠጅ ዋንጫ ገጣጥሜ ለቦርዱ ማሳየት ብቻ ነበር።

ዋንጫው ወደ ሙዚየማችን የመጣው በስባሪ በስባሪ ነው። አንዷን በአንድ ዓመት ከአንድ ነጋዴ፣ ሌላዋን በሌላ ዓመት ከሌላው እየገዛን፤ ሁሌም አገናኙ እሳቸው ናቸው። «እድለኛ ሰው!» ይባልላቸዋል። ድንቄም እድል!

ሙጫ ልቀባ ስባሪዎቹን ሳጥብ ነው የነቃሁት። በጥንት ጊዜ የተሰበረ ሸክላ አፈር ሰርጎበት ይጠቁራል፣ ጠርዙም ይዶለድማል። የእነዚህ ጠርዝ ግን እጅ ይቆርጣል። ያን ሁሉ ዘመን ደህና የተኛውን ዕቃ መቃብር ዘራፊ አውጥቶ በመዶሻ ፈረካክሶታል፤ ቁራጭ በቁራጭ ድንበር ለማሻገር።

ዋንጫው ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ተስለዋል። አንደኛው ዓይን ጎድሏል። እኔ ደግሞ ሙዚየሙ የመጀመሪያዋን ስባሪ ከመግዛቱ ከዓመታት በፊት ስመረቅ፣ መምህሬ «ከመጀመሪያ ቁፋሮዬ ናት» ብለው የሰጡኝ ዓይን የተሳለባት ስባሪ ነበረችኝ። በፍሬም አስገብቼ ለተማሪ ሁሉ ስኮራባት፣ ጠርዟን አንድ ቀን እንኳ ዞር አድርጌ አላየሁም።

ፍሬሙን ፈታሁና ገጠምኳት። ልክክ አለች።

«አየሻት?» አሉ መምህሬ ከበሩ ላይ፣ ሐፍረት የሚባል ሳይታይባቸው። «ለማስታወሻ አስቀርቼልሽ ነው። አሁን ደብቂያትና ክፍተቱን በጄሶ ድፈኚው።»

«ያኔ ሁሉም ስባሪ እርስዎ ጋ ነበር ማለት ነው?»

«ተይ እንግዲህ የኔ ልጅ፣ ነገር አታንዛዢ። ነገ ወንበሩ ያንቺ ነው።» ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሲወጡ ሽቷቸው የቀረበትን ጋዋኔን አውልቄ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት።

ጄሶውን አልነካሁም። ስባሪዋን በሙጫ አጣበቅኋት።

በማግስቱ የቦርዱ ሰዎች ዋንጫውን ከበው ሲያደንቁ፣ ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አደረጉና ጎንበስ አሉ። «ይህችን ዓይን እኛ አልገዛናትም። ከየት መጣች?»

መምህሬ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ከጎናቸው ያለው ወንበር ለእኔ ተስቦ ይጠብቃል።

«የመመረቂያ ስጦታዬ ናት» አልኩ። «የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።»