የይሻው መኪና ድምፅ

የዛገው ቡሎን በድንገት ሲለቅ የሙሉቀን ክርን ከራዲያተሩ ጠርዝ ጋር ተላተመ።

"ቀስ በል እንጂ! እሷም እንደ እኔ አርጅታለች" አለ ይሻው፣ የመኪናዋ ባለቤት።

መካኒኩ ክርኑን እያሸ ሳቀ። "አያ ይሻው፣ ይልቅ ይምጡና ይዩት።"

ሞተሩና ጭስ ማውጫው የሚጋጠሙበት ጋስኬት ተበልቶ ዙሪያው በጥላሸት ጠቁሯል።

"ጭሱ በዚህ ያመልጥና በፔዳሉ ሥር ወደ ውስጥ ይገባል። ያ ጠጠጠ የሚለውም ይኸው ነው። አልሰሙትም ኖሯል?"

ይሻው ሰምቷል። በእብናት መንገድ ዳር የሚኖር ገበያተኛም ሁሉ ሰምቷል። ጥሩምባ ማንም ይነፋል፤ አሮጌዋ ላንድክሩዘር ግን ዳገቱን ስትጀምር ከሩቅ ትለያለች። ሰዉ ያን ሰምቶ ነው እህሉን ተሸክሞ ወደ መንገድ የሚወርደው። ጋስኬቱን ሳያስቀይር የከረመውም ለዚሁ ነበር። ትናንት ግን ነፍሰ ጡሯ ትርንጎ አጠገቡ እንደተቀመጠች ራሷን ስታ ትከሻው ላይ ወደቀች። ነገም ለክትትል ደብረ ታቦር የሚያደርሳት እሱ ነው።

"ድምፁ ከጠፋ ማን ይሳፈርልኛል?" አለ።

"ቃጭል እናስርባታለን፣ እንደ በቅሎ።"

"ሥራህን ሥራ አንተ!"

ሙሉቀን አሮጌውን ጋስኬት ፍቆ አነሳ፤ አዲሱን አስገብቶ ቡሎኖቹን ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር አጠበቀ። ሞተሩን አስነስቶ አሞቀው፣ አጠፋው፣ እስኪቀዘቅዝም ጠበቀ።

"አለቀ አይደል?" አለ ይሻው።

"ገና ነው። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቡሎኑ ይላላል። ዳግም ካልጠበቀ ጭሱ ይመለሳል" አለና ሁሉንም እንደገና አጠበቀ።

በማግስቱ ጠዋት ይሻው ከእብናት ተነስቶ ዳገቱን ሲወጣ ከሞተሩ ለስላሳ ጉርምርምታ በቀር የሚሰማ አልነበረም። መንገድ ዳር አንድም ሰው አልቆመም። ትርንጎ የምትሳፈርበት ቦታ ደርሶ ቆመ፤ እሷም የለችም። ጥሩምባ ነፋ፤ የወረደ የለም። ስልክ ሞከረ፤ ኔትወርክ የለም። ከኋላው አንድ ሚኒባስ አቧራ እያስነሳ ይመጣል።

"ይሻው፣ እንሂድ እንጂ!" አለ ከኋላ የተቀመጠው ነጋዴ። "ያ ሰውዬ ሊቀድመን ነው፤ ሰዉን ሁሉ ሊያፍሰው!"

"ይፈሰው።"

"ሴትዮዋ እንደሆነች ሌላ መኪና አታጣም!"

ይሻው የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወደ ትርንጎ ቤት የሚያወጣውን አቀበት በእግሩ ያዘ።