ሐዲስ ላይ

«እንዲያውም መራመድ ጀምሮ ነበር» አለች ሀሌታ፣ ለቀስተኛውን ለማጽናናት።

ላስ ቬጋስ፣ ዊትኒ ሰፈር ባለው ቤታቸው ጓሮ ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል፤ ሁሉም ማስክ አድርጓል። ሀሌታ የሟች ልጅ ስለሆነች ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ከራሷ በላይ የአባቷ የጄኔራል ግዛቸው ሁለት ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ በአንዱ ጠመንጃ ያነገተ ሸማቂ፣ በሌላው ከረባት ያሰረ የምክር ቤት አባል ነው። እዚህ አየር ማረፊያ ተቀጥሮ መንገደኛ በዊልቸር ሲገፋ የተነሳው ፎቶ አልነበረም።

«ማን ነገረሽ?» አሉ የአባቷ የትግል ጓድ ጋሽ ኃይሉ።

«ራሱ፣ ከሆስፒታል። ነርሷ ፎኑን ይዛለት። ‹እርምጃ ወሰድኩ፤ ለእታፈራሁ ንገሪያት› አለኝ። ሌሊቱን ግን...»

ጋሽ ኃይሉ ማስካቸውን ወደ ላይ ሳቡ። «በቃ ልጄ፣ አሁን ተይው።»

ውሃ ስታድል የነበረችው እታፈራሁ ከነትሪዋ ቆመች።

ለሀሌታ እንደ አክስቷ ናት። የእታፈራሁ ታናሽ ወንድም ሐዲስ በጄኔራሉ ሥር በረሃ እንደወጣ ቀርቷል። ምክር ቤት ሳሉ ደጅ ጠንታቸዋለች፤ «እያጣራሁ ነው» አሏት። ቬጋስ ስትመጣም ያንኑ። እሁድ ምሳ ይዛላቸው መጥታ ስትጠይቅ፣ የሀሌታ አባት ከሸኛት በኋላ ጋራዥ ውስጥ መኪናው ላይ ብቻውን ይቀመጥ ነበር። መርዶ ያልመጣለትን ወንድም ማን ያለቅሳል? እታፈራሁ ለሐዲስ ጥቁር ለብሳ አታውቅም።

«ቃሉን እንዳለው ንገሪኝ» አለች።

«‹ሐዲስ ላይ እርምጃ የወሰድኩት እኔ ነኝ።› አዲስ ፍሎር፣ ማለት ሌላ ፎቅ፣ አዛውረውት ስለነበር፣ እዚያ ላይ ዎክ ያደረገ መስሎኝ...»

ለቀስተኛው አቀረቀረ።

«ጋሽ ኃይሉ፣ እርምጃ ስቴፕ አይደል?»

«ነው» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። «እኛ ዘንድ ግን ሰው ላይ እርምጃ ተወሰደ ከተባለ... ተረሽኗል ማለት ነው። ሐዲስን ሰርጎ ገብ ነው ብለው ጠርጥረውት ነበር።»

«ያውቁ ነበር?» አለች እታፈራሁ።

ጋሽ ኃይሉ ፊታቸውን ወደ ፎቶዎቹ አዞሩ።

ሀሌታ ከፍራሹ ተነሳች። ይቅርታ ልትል አስባ፣ የትኛው የአማርኛ ቃል እንደሚበቃ አላወቀችም። አባቷ ሠላሳ ዓመት አፉ ውስጥ ይዞት የኖረውን እሷ በፈገግታ ተናግራዋለች።

«እትዬ፣ ቁጭ በይ።»

እታፈራሁ ከፎቶዎቹ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ አየችና አልተንቀሳቀሰችም።

ሀሌታ ፍራሹን በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው፤ ፎቶ ወደሌለበት፣ ወደ አጥሩ ጥግ። ከዚያ ትሪውን ከእታፈራሁ እጅ ተቀበለች፣ እታፈራሁ ፍራሹ ላይ ስትቀመጥም ውሃ ማደሉን ከእሷ ጀመረች።