ሦስት ዙር ሽቦ

ይህ ሽቦ እዚህ ምን ይሠራል?

ታናሽየው ከመኪናዋ ሆድ ሥር ተንጋሎ፣ የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ሩብ ሰዓት ያህል ቢያፈጥጥም መልሱ አልመጣለትም። በጭስ እየዞረ ለሞተር ተጨማሪ አየር የሚገፋውን ተርቦ ከአሮጌ ከባድ መኪና ፈትቶ፣ ከዚህች ትንሽ ሞተር ጋር በብየዳ ያጋባው አባቱ ነው። ጭሱ ተርቦውን ሳያዞር እንዲያመልጥ የሚያደርገው ክዳን ግን በሽቦ ተጎትቶ፣ ግማሽ እንደተከፈተ ታስሯል። ሽቦው ሦስት ዙር ተጠምዝዟል፤ ጫፉም እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

"እሺ ፕሮፌሰር፣ አገኘኸው ወይስ እንቅልፍ ወሰደህ?" አለ ታላቅ ወንድሙ ከላይ። የሚተዳደረው በዚህችው መኪና ነው፤ ተሳፋሪ ጭና ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል።

"ጭሱ እያመለጠ ነው። ተርቦው በቅጡ አይዞርም።"

"ታዲያ ፍታዋ።"

"አባዬ ከሐኪም ቤት እስኪመለስ ብንጠብቅስ?"

"አባዬ እንደሆነ ሽቦ ካገኘ ጥርሱንም ከማሰር አይመለስም። ሰባት ዓመት የተማርከው እሱን ለመጠበቅ ነው?"

ሁለቱም ሳቁ። ታናሽየው ከባሕር ማዶ ከተመለሰ ስድስት ወሩ ነው። ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት፣ የተማረው ነገር ለአንድ ቀን እንኳ ይጠቅም እንደሆነ ሲጠራጠር ከርሟል። ፒንሳውን አነሳና ሽቦውን ቆረጠው። ክዳኑ ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

ወንድሙ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሮ ሲመለስ ፊቱ በርቷል። "ነፍስ ዘራች። አንተ ልጅ፣ ለካ ሰው ሆነሃል" አለና ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወደ መናኸሪያ ሄደ። ታናሽየው ያን ቀን ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ።

አባትየው አንድ ዓይኑን በፋሻ ተሸፍኖ መጣ። ከጠረጴዛው ላይ ሽቦውን አነሳ፤ የታጠፈውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

"ማን ቆረጠው?"

"እኔ ነኝ፣ አባዬ። ጉልበት እንድታገኝ ብዬ..."

"ፒስተኖቹ የድሮዎቹ ናቸው" አለ ድምፁን ሳያነሳ። "ጠንካሮቹን አዝዣለሁ። እስኪመጡ ድረስ ነው አየሩን የቀነስኩባት። ዳገት ላይ ሙሉውን አየር ከሰጧት አትችለውም፤ ሞተሩ መሐል መንገድ ላይ ይሰበራል።"

"ለምን አልነገርከንም?"

"ለወንድምህ? ብነግረው በዚያው ቀን ይፈታው ነበር። አንተ ግን ትጠይቀኛለህ ብዬ ነበር።"

ታናሽየው ለወንድሙ ደወለ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። መሪ ይዞ ስልክ ማንሳት ነውር እንደሆነ ወንድሙን ያስተማረው አባታቸው ነው። አራት ጊዜ ደውሎ ሲያቅተው ጻፈ፦

"ጋሼ፣ ዳገቱ ሳይደርስ አቁም። ተሳፋሪዎቹን አውርድ። ከባድ መኪና ለመቅደም እንዳትሞክር። ሞተሩ አይችለውም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

አባትየው ሽቦውን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ባልታሰረው ዓይኑ መንገዱን ያያል። ታናሽየው ስልኩን ገልብጦ ያየዋል፣ መልሶ ኪሱ ይከተዋል፣ እንደገና ያወጣዋል። መልእክቱ ሄዷል። መልስ ግን ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲያ አልመጣም።