ለቬልሞር የተለጠፈው የሞት ማስታወቂያ

ሰይፉ የተሰቀለው የእናታቸው አልጋ ከነበረበት ራስጌ በላይ ነው። እሑድ ዕለት ዝላትካ በሩን ከፍታ እንደገባች ዓይኗ እሱ ላይ ዐረፈ፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆመች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሰይፍ ነዋ» አለች ታናሽ እህቷ ቪዮሌታ፣ የባቄላውን ሾርባ እያማሰለች። «የቬልሞር ሰይፍ፤ ማለቴ የሱ አምሳያ። በቁጥር ነው የሠሩት። የኔ አራት መቶ ዐሥራ ሁለተኛው ነው።»

«ስንት?»

«ከመጣሽ አይቀር ቁጭ ብለሽ ብዪ።»

«ስንት ሰጠሽበት ነው የምልሽ!»

«ስድስት መቶ ሰማንያ ሌቭ።»

ዝላትካ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እናታቸው ከሞተች ቅዳሜ ዓመት ይሞላታል። መቃብሯ ላይ ያለው ግን እስካሁን ያው የቀብሯ ቀን የተተከለው የእንጨት መስቀል ነው። ድንጋዩ ተጠርቦ፣ ስሟ ተቀርጾበት፣ ጠራቢው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ዝላትካ የራሷን ግማሽ በመስከረም ከፍላለች፤ የቀረው ግማሽ የቪዮሌታ ነው፤ ጠራቢውም እሱን ሳይቀበል ድንጋዩን መኪና ላይ አይጭንም። ቅዳሜ ደግሞ የሕንፃው ሴቶች በሙሉ መቃብሩ ድረስ ይመጣሉ። መጥተው እንጨቱን ያያሉ፤ ከዚያ እርስ በርስ ይተያያሉ። ዝላትካን ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ይኸው መተያየት ነበር።

«ሃምሳ አንድ ዓመትሽ ነው» አለች። «ስፌት ቤት ጎብጠሽ ያገኘሽውን ለቆርቆሮ ትሰጫለሽ። እናትሽ እንጨት ሥር ተኝታ!»

«ቆርቆሮ አይደለም፤ ብረት ነው። ያንቺስ ባል ለዓሣ መንጠቆ የሚያፈሰው ገንዘብ? እስቲ አንድ ዓሣ ይዞ ገብቶ ያውቃል?»

«ባሌን ተዪው።»

«አንቺም ሰይፌን ተዪው። ድንጋዩ ለፋሲካ ይቆማል። እማማ የትም አትሄድም።»

ሰኞ ቬልሞር የሚባለው ጀግና ያለበት ተከታታይ ፊልም የመጨረሻው ክፍል ይተላለፋል። ሰባት ዓመት ሙሉ የታየ ፊልም ነው፤ ዘንዶ አለበት፣ በረዶ አለበት፣ በየሳምንቱ አንድ ሰው ይታረድበታል። ቪዮሌታ ለዚያ ምሽት ብላ ፈረቃዋን ለውጣለች። ዝላትካ ይህን ታውቅ ነበር። ሌላም ነገር ታውቅ ነበር።

«ይሞታል» አለች።

«ማን?»

«ቬልሞር። ፋርማሲ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ቀድማ አይታዋለች፤ ከየት እንዳገኘችው እንጃ። የገዛ ወንድሙ ነው ከጀርባው የሚወጋው። ድልድይ ላይ። በዚሁ ሰይፍ።»

የቪዮሌታ እጅ ድስቱ ላይ ቆመ። ከዚያ ምድጃውን አጠፋችው።

«ውጪልኝ» አለች።

ዝላትካ ወጣች። የራሷ ቤት ከዚያው ሕንፃ ሦስት ፎቅ ከፍ ብሎ ነው። ደረጃውን ስትወጣ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ቀለል አላት።

ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ የአንደኛ ፎቋ ጾንካ የሕንፃው መግቢያ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። አሮጊቷ ሁለት ነጭ ጽጌረዳ ይዛለች። ሁለት፤ ጥንድ አበባ ለሙት ነው የሚሰጠው።

«ነፍስ ይማር፣ ዝላትካዬ። እንዴት ያለ መልከ መልካም ሰው! የባልሽ ወገን ነው?»

«ማን ሞተ፣ እትዬ ጾንካ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ስምሽ አለበት እኮ!»

በሩ እንደ ሌሎቹ የከተማው በሮች ሁሉ ጥቁር ጠርዝ ባላቸው የሞት ማስታወቂያዎች ተሸፍኗል፤ የአርባ ቀን፣ የስድስት ወር፣ የዓመት። ከመካከላቸው አንዱ አዲስ ነው። ፎቶው ላይ ጺማም ሰው የተኩላ ቆዳ ለብሶ ይታያል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ቬልሞር፣ የሰሜን በሮች ጠባቂ፣ በገዛ ወገኑ እጅ ድልድይ ላይ በድንገት ተለየን። ጥልቅ ሐዘን የደረሰባቸው እህትማማቾች ዝላትካና ቪዮሌታ፣ ከነቤተሰባቸው።»

«ድልድይ ላይ ማለት የመኪና አደጋ ነው?» አለች ጾንካ። «አራተኛ ፎቅ ያሉት ለአበባ ጉንጉን እያዋጡ ነው።»

በዚያ በር ላይ ማስታወቂያ የሚቀድ ሰው የለም። የሚያነሳው ዝናብና ነፋስ ነው። ዝላትካ ግን ጥፍሯን ጠርዙ ሥር ሰደደችና በኃይል ሳበችው። እጇ ላይ የቀረው አንድ ወረቀት አልነበረም። ከቬልሞር ጀርባ ሌላ ወረቀት ተጣብቆ ተቀዶ መጣ፤ አንድ ዓይን፣ ግማሽ አፍ፣ የራስ ሻሽ ጫፍ። የእናታቸው የስድስት ወር ማስታወቂያ ነበር።

ጾንካ አማተበች።

«ቀደድሻት» የሚል ድምፅ ከደረጃው ላይ መጣ። ቪዮሌታ ነበረች።

«ላይዋ ላይ ማን ለጠፈ?»

«ጎኗ ነው የለጠፍኩት። ጫፉ ብቻ ነው የነካት።»

«መሳቂያ አደረግሽኝ! በጎረቤት ፊት!»

«አንቺስ ምን አደረግሽኝ? ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ሆና ያን ፊልም አብራኝ ስታይ የት ነበርሽ? ላይ ነበርሽ። በእሑድ በእሑድ ትወርጂ ነበር፤ ያውም ለምሳ። ‹ከማለቁ በፊት ከሄድኩ፣ ያ ልጅ ምን እንደሆነ መጥተሽ ንገሪኝ› ብላኛለች። ሰኞ አይቼ ቅዳሜ ልነግራት ነበር። አንቺ ለሾርባ ማጣፈጫ አደረግሽው።»

ዝላትካን ይህ ይበልጥ አናደዳት።

«ቅዳሜ» አለች፣ «ድንጋዩ ለምን እንዳልቆመ በሴቶቹ ሁሉ ፊት እኔ ነኝ የምናገረው። የሰይፉን ዋጋ ሳንቲሙ ሳይቀር።»

«ተናገሪ።»

ቅዳሜ ከወንዙ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ሻማ አላስበራ አለ። ዘጠኝ ሴቶች መጡ። እንጨቱን አዩ፤ ቀጥለው እርስ በርስ ተያዩ። ዝላትካ ለተዝካሩ የሚታደለውን፣ በስኳር የተቀቀለውን ስንዴ በሳህን ይዛ፣ የምትለውን በልቧ ደርድራ ጨርሳ ቆመች። የሰይፉን ዋጋ ከመጀመሪያ ልታደርገው ነው።

ቪዮሌታ ተንበርክካ ወይን ጠጅ አፈሩ ላይ አፈሰሰች። ከዚያ እዚህ ሰው ከሙቱ ጋር እንደሚያወራው፣ ወደ መስቀሉ ጠጋ ብላ ማውራት ጀመረች። ቅርብ የቆመችው ዝላትካ ብቻ ነበረች፤ የሰማችውም እሷ ብቻ ናት።

«አለቀ፣ እማማ። ሰኞ አለቀ። ወንድሙ ድልድዩ ላይ ጠበቀው፣ ያ ውሻ። ግን አይዞሽ፣ አልሞተም። ዞር ሲል አየውና እጁን ያዘው። ከዚያ ፈረሱን እየሳበ በበረዶው ተሻግሮ ቤቱ ገባ። ጺሙንም ተላጨ። አንቺ እንዳልሽው ነው፤ ሲላጭ ገና ልጅ ነው።»

ዝላትካ አፏን ከፈተች። ቬልሞር እንደሚሞት እሑድ ዕለት በአንድ ትንፋሽ ተናግራው ነበር፤ አሁን ግን ተወችው።

«ዝላትካ» አለች ጾንካ ከኋላ። «ድንጋዩ ዘገየ እንዴ?»

ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ።

«ዘገየ» አለች ዝላትካ። «ጠራቢው ነው ያዘገየው።»

ቪዮሌታ ጉልበቷን አራግፋ ተነሣች።

«ሰማሽ?» አለች፣ እህቷን ሳታይ።

«ሰማሁ። ሰይፉን ግን ትሸጪዋለሽ።»

«አልሸጥም።»

«ለፋሲካ ድንጋዩ ካልቆመ በገዛ እጄ ነው የማወርደው።»

«ሞክሪና እናያለን» አለች ቪዮሌታ። የስንዴውን ሳህን ከእህቷ እጅ መንጭቃ ወደ ሴቶቹ ሄደች።