የእትዬ ባንቺ ጓዳ

ስሜ ትግስት ነው። አባቴ ይህን ስም ሲያወጣልኝ ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ግን አልተሳካለትም ይላሉ። ጋዝጊብላ ወረዳ ውስጥ ወደምትገኝ አንዲት ደጋ ቀበሌ አስተማሪ ሆኜ ከተመደብኩ በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ አንድ ማመልከቻ ጻፍኩ። እንደዚያ ማመልከቻ ያናደደኝ ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዞኑ ለባህልና ለትምህርት ሥራ አነስተኛ ድጋፍ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሕዝቡ ድንጋይና ጉልበት ካዋጣ፣ ቆርቆሮውን፣ በሩንና መደርደሪያውን መንግሥት ይችላል። ማስታወቂያውን እንዳነበብኩ ወዲያው ትዝ ያሉኝ ጋሼ ምሳው ናቸው።

ጋሼ ምሳው በመሠረተ ትምህርት ዘመን ሰፈሩን ፊደል ያስቆጠሩ ገበሬ ናቸው። ዘመቻው ሲያበቃ ሌላው ወደ እርሻው ተመለሰ፤ እሳቸው የተረፉትን መጻሕፍት ተሸክመው ቤታቸው አስገቡ። ከዚያ ወዲህ ሰቆጣ ወርዶ የሚመለስ ሁሉ፣ ዐረብ አገር ከርሞ የመጣም ቢሆን፣ ለእሳቸው መጽሐፍ ሳይዝ አይመጣም። የኮረዳ የፍቅር ታሪክም ይሁን የንብ እርባታ መመሪያ እሳቸው አይመርጡም። መጻሕፍቱ ሲበዙ እልፍኛቸውን ለቀቁላቸው። ልጆች ከትምህርት ሲወጡ በራፉ ላይ ባለችው የድንጋይ ገንዳ እጃቸውን ይታጠቡና፣ እስኪደርቅላቸው ወደ ላይ አንስተው ይዘው ይገባሉ። እጁን ያልታጠበ ገጽ አይገልጥም። ጋሼ ምሳውና ባለቤታቸው እትዬ ባንቺ ደግሞ ጓዳ ውስጥ፣ በጎታውና በበጎቹ መካከል፣ አጎዛ አንጥፈው ያድራሉ።

እትዬ ባንቺ ይህን ለዓመታት ችለዋል። ያን ክረምት ግን የጋሼ ምሳው ደረት ታመመ። የጓዳው እርጥበት ገብቶባቸው እስከ መስቀል ድረስ ሳሉ። መስቀል እንዳለፈ እትዬ ባንቺ በገብርኤል ማሉ፤ የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ መጻሕፍቱ ከእልፍኙ ካልወጡ እኔ እወጣለሁ አሉ። እሳቸው በገብርኤል ከማሉ አለቀ። ጋሼ ምሳውም ቃል ሰጡ። የቀበሌው መጋዘን የአይጥ መናኸሪያ ስለሆነ መጻሕፍቱ ሌላ መጠጊያ የላቸውም። እንግዲህ ድጋፉ ከተገኘ የንባብ ቤት ይሠራል፤ ካልተገኘ የጋሼ ምሳው የዕድሜ ልክ ልፋት በየሰዉ ቤት ይበተናል።

ማመልከቻውን ልጽፍ ጋሼ ምሳው ቤት ሄድኩ።

«‹ችግራችሁን ግለጹ› ይላል» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን ብለሽ ጀምሪ።»

«ጋሼ፣ ደህና ከሆንንማ ምን ብለው ይረዱናል?»

«ምነው ልጀ፤ ሰላምታ ሳይቀድም ችግር ይወራል?»

እሺ ብዬ ምስጋናውን ጻፍኩ። ቀጥዬም የቤቱ ባለቤቶች እልፍኛቸውን ለመጻሕፍት ለቀው ከበጎች ጋር ጓዳ ያድራሉ ብዬ ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እትዬ ባንቺ ከምድጃው አጠገብ ብድግ አሉ። በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጠኛ፣ አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ ኽምጠኛ እሰማለሁ፤ ያን ለት ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።

«የሰው ገበና በማመልከቻ!» አሉ ወደ አማርኛ ተመልሰው። «ዞን ድረስ! ይኸ አሁኑኑ ይውጣ!»

ጋሼ ምሳውም «ይውጣ» አሉ። ወጣ። «ቦታ ጠቦናል» የምትል አንዲት ቀዝቃዛ ዐረፍተ ነገር ብቻ ቀረች። እንዲያም ሆኖ ጥር ላይ መልስ መጣ፤ ቦታውን አይተው የሚወስኑ ሰዎች ሐሙስ ይመጣሉ ተባለ። ደስታዬን አልደብቅም፣ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን አስጨበጨብኳቸው። አንዴ ዐይናቸው ያንን ጓዳ ካየ የእኔ ዐረፍተ ነገር ምን ያደርጋል ብዬ ነበር።

ሐሙስ ዕለት እንግዶቹን መኪናው ከሚቆምበት ቁልቁለት ተቀበልኳቸው። አንዱ የባህል ባለሙያው ዘበነ ነው፤ ዝምተኛ፣ ረጅም፣ እዚያው ዞን ፃግብጂ ያደገ ሰው። ሁለተኛዋ ከገንዘብ ክፍል የመጣችው ወይዘሮ ጸሐይነሽ ናት፤ ካሜራ አንግታለች። ዳገቱን እየወጣን ስለ መጻሕፍቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ እጅ ስለ መታጠቡ ሁሉ አወራሁላቸው። በሩ ላይ ደርሰን ስገባ ደርቄ ቀረሁ።

መጽሐፍ የሚባል ነገር የለም። መደርደሪያ ሆነው የኖሩት ሳንቆች የሉም። ግድግዳው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል፤ መሬቱ ላይ ሣር ተጎዝጉዟል። የቀበሌው ወንበሮች በሙሉ ተሰልፈው ቆመዋል። ጥግ ላይ አልጋ ተዘርግቶ፣ ለማን እንደተቀመጠ የማላውቀው ነጭ ብርድ ልብስ ለብሷል። ልጆች ድርሽ እንዳትሉ ተብለው የሰፈሩ ድምፅ ራሱ ጠፍቷል። ወደ ጓዳው የሚያስገባው በር ላይ ወፍራም መጋረጃ ተጥሎበታል፤ በጎቹም ወደ ሜዳ ተባረዋል፣ አንደኛዋ ግን ታርዳ ወጥ ሆናለች። መጻሕፍቱን ጎረቤት ቤት በጆንያ አስቀምጠዋቸዋል። እትዬ ባንቺ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፊታቸው በርቶ፣ «ኑ ግቡ፣ ኑ ግቡ፤ ቤት ለእንግዳ!» ይላሉ።

ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። በመጨረሻ ወይዘሮ ጸሐይነሽ እጇን ታጥባ ዙሪያዋን ቃኘች።

«የንባቡ ቦታ የት ነው?»

«እዚሁ ነው» አሉ ጋሼ ምሳው አንገታቸውን ደፍተው። «መጻሕፍቱን ለዛሬ ዘወር አድርገናቸው ነው።»

ዘበነ አልጋውን አየና «እናንተስ የት ነው የምትተኙ?» ሲል ጠየቀ።

«እዚሁ ነዋ!» አሉ እትዬ ባንቺ፣ ጋሼ ምሳው አፋቸውን ሳይከፍቱ። በእጃቸው ነጩን ብርድ ልብስ መታ መታ አደረጉት።

ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ ባንቺ ዐይናቸውን አጉረጠረጡብኝ። ቤቱ የሳቸው፣ ገበናው የሳቸው ነው። ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ፤ እንዲህ ተቃጥዬ አላውቅም።

ዘበነ ጥቂት ጻፈ። ሲነሳም በጨዋ ደንብ አመሰገነ። «ቤታችሁ ሰፊና ያማረ ነው። ልጆቹ ለጊዜው እዚሁ ቢያነቡ የሚቸገሩ አይመስለኝም። ዛፍ ሥር የሚያነቡ አሉና ለባሰባቸው ቅድሚያ እንሰጣለን» አለ። ተሰናብተው ቁልቁለቱን ጀመሩ።

እኔማ በሩ ሳይዘጋ ፈነዳሁ።

«እትየ፣ ምን ነካዎት? በገዛ እጅዎ አጠፉት እኮ!»

«ምን ላርግ ኖሯል? የመንግሥት እንግዳ የበግ ማደሪያ ላስገባ? እናቴ እንዲህ ብላ አላሳደገችኝም!»

«እነሱ እኮ ችግር ሊያዩ ነው የመጡት!»

«ችግር ይታያል እንዴ አንች? ችግር ይሸፈናል እንጂ!»

ጋሼ ምሳው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። እንደኔ አልጮኹም። «ተያት ትግስት» አሉ። «ቃሌን ሰጥቻለሁ። መጻሕፍቱ ከጎረቤት አይመለሱ፤ ከዚያው ለየሰዉ አከፋፍላቸዋለሁ። ወዲህ አምጥቶ እንደገና ማውጣት ድካም ነው።» ከዚያ ሳላቸው መጣ። ስለው ሲጨርሱ ነጩን ብርድ ልብስ እንዳላቆሽሽ ብለው ይመስለኛል፣ ተነስተው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

እንግዶቹ መሄዳቸውን ያዩ ልጆች በዚህ መሀል መጡ። ማንም የነገራቸው የለም፤ እንደ ልማዳቸው ታጥበው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ይዘው በሩ ላይ ተደረደሩ። መጽሐፍ የሌለበትን እልፍኝ አዩት። እጃቸውን ግን አላወረዱም።

እትዬ ባንቺ ልጆቹን አዩ፣ ባላቸውን አዩ። በኽምጠኛ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ይኸኛው ለራሳቸው ነበር። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አገለደሙና፣ በክት ቀሚሳቸው፣ ቁልቁለቱን ሮጡ። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ተከትያቸው ሳልደርስ መኪናው ፊት ቆመው ነበር።

«ውረዱ» አሉ ቁና ቁና እየተነፈሱ። «አላያችሁም። ውረዱና ተመለሱ።»

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ሰዓቷን አየች። ዘበነ ግን ወረደ፤ እሷም ወረደች።

ቤት ስንደርስ እትዬ ባንቺ መጋረጃውን ገለጡ። ጓዳው ጨለማ ነው፤ የበግ ሽታ ዐይን ያቃጥላል። በጎታውና በግድግዳው መካከል አንድ ሰው በጎኑ የሚተኛባት ቦታ አለች፤ ሁለት አጎዛ ተነጥፎባታል። ከአንደኛው ራስጌ ገለባ የተሞላች ጆንያ፣ አጠገቧም ጋሼ ምሳው የሚተፉባት ጣሳ። ግድግዳው ላይ እርጥበቱ እስከ ወገብ ወጥቷል።

«የምንተኛው እዚህ ነው» አሉ እትዬ ባንቺ። ይህን ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውን ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ነጠላቸውንም ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ለሪፖርቱ ብላ ካሜራዋን አነሳች። ዘበነ እጁን ካሜራው ላይ ጫነ። «ተይው» አላት። «ያየነውን በአፋችን እንናገራለን።» ካሜራዋን መልሳ አነገተች። እኔ የማልቀስ አመል የለኝም፤ ያን ለት ግን የእትዬ ባንቺ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አለቀስኩ። ጮኼባቸው ነበር፤ ምን እንደጠየቅኳቸው የገባኝ ያኔ ነው።

ድንገት እትዬ ባንቺ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገፈው ዞሩ። ዐይናቸው ቀልቷል፤ ድምፃቸው ግን ተመልሷል።

«አንተ ማን ነበር ስምህ?»

«ዘበነ» አለ።

«በል ዘበነ፣ ጓዳየን ያየ እንግዳ አይደለም፤ ቤተኛ ነው። ቤተኛ ደግሞ ቆሞ አያይም። መጻሕፍቱ ጎረቤት ናቸው፤ ሄደህ ተሸከም። አንችም ልጀ፣ ያን ካሜራሽን አስቀምጭና ሳንቃ ያዥ። ልጆቹ እጃቸው ደረቀ እኮ!»

እስከዚያ ድረስ «እናንተ» እና «እርስዎ» ሲባል የዋለው የመንግሥት ሰው ኮቱን አውልቆ ጆንያ ተሸከመ። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ሳንቃ ይዛ ሣር የተጎዘጎዘው መሬት ላይ ተንሸራተተች፤ እትዬ ባንቺ ከት ብለው ሳቁባት፣ እሷም ሳቀች። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እልፍኙ እንደ ድሮው በመጻሕፍት ተጨናነቀ። አልጋው የውሰት ኖሯል፤ ተነቅሎ ወደ ባለቤቱ ቤት ተመለሰ። ነጩ ብርድ ልብስ ግን የራሳቸው የእትዬ ባንቺ ኖሯል፤ ከሠርጋቸው ጀምሮ ጎታ ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ነው። አጥፈው መልሰው አስቀመጡት።

የካቲት ላይ ድጋፉ ጸደቀ። ሰዉ ድንጋይ ለቀመ፣ ግንብ ገነባ፤ ቆርቆሮው ከሰቆጣ መጣ። ግንቦት ላይ የንባብ ቤቱ ሲመረቅ ከዞን ብዙ ሰው መጣ፤ ከመካከላቸውም ዘበነ ነበረ። እንግዶቹ ሲደርሱ ሕዝቡ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሳ። እትዬ ባንቺ ብቻ ቁጭ እንዳሉ ቀሩ።

«እትየ፣ ይነሱ እንጂ» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ለዘበነ? ለቤተኛ ማን ይነሳል?» አሉኝ። እሱም አጠገባቸው ሲደርስ የጠላውን ጆግ አስያዙት። «ምን ትገተራለህ? ቅዳ እንጂ፤ ሰው ጠምቶታል።» አለቆቹ ግራ ተጋቡ። እሱ እየሳቀ ዞሮ ዞሮ ቀዳ።

ንግግሩ አልቆ ልጆቹ በታጠበ እጃቸው ወደ አዲሱ ቤት ሲገቡ፣ እትዬ ባንቺ ዘበነን በክንዱ ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። እኔም ተከተልኩ። እልፍኙ አልተለቀለቀም፤ ሣር አልተጎዘጎዘም። ጋሼ ምሳው ከባሕር ዛፍ አጣና የሠሩት አዲስ አልጋ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል። ነጩ ብርድ ልብስ ላዩ ላይ አለ፤ አልተነጠፈም፣ ጠዋት ሰው እንደተነሳበት ተጨማዶ ወደ አንድ ጎን ተሰብስቧል። ከትራሱ በታች የጋሼ ምሳው መነጽር ይታያል።

«እስቲ ያን ለት የጠየቅኸኝን ጠይቀኝ» አሉት።

ዘበነ መጀመሪያ አልገባውም። በኋላ አልጋውን አየና ጠየቀ።

«እናንተስ የት ነው የምትተኙ?»

«እዚሁ ነዋ!» አሉ እትዬ ባንቺ፤ የተጨማደደውን ብርድ ልብስ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።