ስክሪኑን የሞላው ፊት

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ ሲግኒ ሊንድክቪስት ለሰው ሁሉ የስልክ አፕ ስትሠራ ኖራ ለገዛ አባቷ የሚሆን አንድ ቁልፍ አቃታት።

አባቷን ኦርቪልን ስትሮክ ከመታው ወዲህ አንደበቱ ተይዟል፤ ፊደልም አይለይም። የቀረችው ግራ እጁ ነበረች፤ እሷም ትንቀጠቀጣለች። ሲግኒ ስልኩ ላይ የራሷን ፎቶ አኑራለት ነበር። ፎቶውን ሲነካ ይደወልላታል። ነገር ግን ጣቱ ይንሸራተትና ከስክሪኑ ግርጌ ያለችውን መስመር ሲነካ አፑ እልም ይላል። ያኔ ሽማግሌው ስልኩን ደፍቶ ፊቱን ያዞራል።

ታላቅ እህቷ ኢንጋ ቁርጡን ተናግራለች። አባታቸው ኩሽና ውስጥ ወድቆ ያገኘችው እሷ ነበረች።

"ብቻውን ሆኖ መደወል ካልቻለ አረጋውያን ማእከል ይገባል። በቃ።"

"ኢንጋ፣ ሐይቁን ሳያይ መዋል የማይችል ሰው እኮ ነው!"

"ወለል ላይ ተዘርሮ ሐይቁን አያየውም" አለች ኢንጋ።

ሲግኒ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ ከላይ ሰዓቱንና ባትሪውን፣ ከታች ያችን ክፉ መስመር ደበቀች። ፊቷ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። በራሷ ስልክ ሞከረችው፤ እንከን የለውም። አባቷ ስልክ ላይ ስትጭነው ግን፣ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ይሁን ብላ ሳትከፍተው ቀረች። ስልኩ ሲበራ አፑ በራሱ እንዲከፈት ብቻ አደረገች።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አኖሩለት። ከመስኮቱ ባሻገር የዱሉዝ ከተማ ሐይቅ እስከ አድማስ በረዶ ለብሷል።

"እኛ መኪና ውስጥ ነን። አብራውና ጥራኝ፣ እሺ አባዬ?"

ሁለቱ ሴቶች የኢንጋ መኪና ውስጥ ማሞቂያውን ከፍተው ጠበቁ። ስልኩ ዝም አለ። አሁንም ዝም። ሲግኒ እህቷ "አላልኩሽም?" እስክትላት ትጠብቅ ነበር። ኢንጋ ግን መሪውን ጨብጣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ጨካኝ የሆንኩ መስሎሻል አይደል?"

"ኧረ አልመሰለኝም።"

"በሕልሜ ሁሌ እዛ ወለል ላይ ነው የማገኘው፣ ሲግ።"

ሲመለሱ ኦርቪል ብርጭቆ እንደሰበረ ልጅ እጁን ደረቱ ላይ ሰብስቦ ተቀምጧል። ሲግኒ ስክሪኑን ስታይ ክው አለች። ፊቷ ላይ ነጭ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ "በሙሉ ስክሪን ላይ ነዎት። ለመውጣት ከላይ ወደ ታች ይጎትቱ" ይላል። ከሥሩ "ገባኝ" የምትል ሚጢጢ ቁልፍ አለች። ይህ ማስታወቂያ አፑ መጀመሪያ ሲከፈት አንዴ ብቻ ብቅ ይላል። ሲግኒ በራሷ ስልክ ላይ "ገባኝ" ብላ ካባረረችው ቆይታለች፤ መኖሩንም ረስታዋለች። ማንበብ የማይችለው አባቷ ግን የልጁን ሥራ ያበላሸ መስሎት ነበር።

ተንበርክካ እጁን ሳመችው። "አንተ ምንም አላጠፋህም አባዬ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የኔ የደደቧ።" ማስታወቂያውን አጠፋችለት።

እንደገና ወጡ። የመኪናውን በር ሳይዘጉት የሲግኒ ስልክ ጮኸ።

"አቤት አባዬ!"

ትንፋሽ ብቻ ተሰማት። ዘጋችው። ወዲያው ደግሞ ደወለ። ደግሞም ደወለ።

"ኧረ ይብቃህ በይው!" አለች ኢንጋ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። ከዚያ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት እንደ ሕፃን ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። "አባዬ ቀኑን ሙሉ ያንቺን ፊት ብቻ ነው እንዴ የሚያየው?"

ሲግኒ ይህን አላሰበችውም ነበር።

ኢንጋ ቤት ገብታ አባቷ ፊት በርከክ አለች። "እኔስ አባዬ? እኔንስ አትጠራኝም?"

ሽማግሌው ስክሪኑን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ የምትንቀጠቀጥ ጣቱን ስክሪኑ አናት ላይ አኖረና በመሐሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ጎተተው። ስልኩ መውጣት የፈለገ መስሎት የተደበቁትን ሰዓትና ባትሪ መልሶ ደረደረለት። ኦርቪል ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም። የስክሪኑን ግራ ግማሽ ነክቶ ወደ ሲግኒ አገጩን ቀሰረ። ቀኝ ግማሹን ነካና ያንኑ ጣት የኢንጋ ጉንጭ ላይ አሳረፈው።

ሲግኒ ኮምፒውተሯን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ኢንጋ፣ ቀና በይ፣ ፎቶ ላንሳሽ።"

"እንዴ፣ አሁን? ፊቴ በልቅሶ እንዲህ አብጦ?"

"ይበጥ። ግማሹን ስክሪን መሙላት አለብሽ።"