ሬድዋን የሚበላበት ቤት

ሬድዋን ፓይለት ሊሆን እንደሆነ ሲነግረኝ አርባን አልፎ ነበር። ሀይሌ ጋርመንት ያለውን የጨርቅ ሱቅ ለወንድሙ አስረክቦ የአውሮፕላን ማብረር ትምህርት ቤት ገባ። እኔ ሚስቱ መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ሌላ ሴት አግብቶብኛል ብዬ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰማይ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሁለተኛ ቤት የሚያበጅ ግን ሰፈራችን ሞልቷል። እውነት ከሆነ ልጆቼን ይዤ ጎፋ እናቴ ጋ ልገባ ወስኜ ነበር።

ጠዋት ተላጭቶ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል። ቀን ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ለምን ስለው አየር ላይ ነበርኩ ይላል። ይህን ለእህቱ ለመርዋ ብነግራት ሳቀችብኝ።

"ድሮ ወንዶቻችን ስልካቸው ሲዘጋ ክፍለ ሀገር ነበርን ይሉ ነበር። አሁን ሰማይ ደረሱ በይኛ።"

ከዚያ ረመዳን ገባ። ሌሊት ተነስተን የጾሙን መያዣ ሱሁር አብረን በላን። በሌላው ዓመት አዛን እስኪል ዐይኑን ከተምሩ የማይነቅል ሰው፣ ማታ ሾርባውን እንደ እንግዳ ቀመስ አድርጎ ተወው። በማግስቱም እንደዚያው። ሸሚዙን ሳጥብ እጅጌው ላይ የዘይት ጠብታ አገኘሁ። አሸተትኩት፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። በረመዳን ቀን ባሌን የምታበላ ሴት አለች ማለት ነው። ሙስሊም እንኳ አይደለችም።

ካፈጠርን በኋላ ልጆቹ ለተራዊሕ ሶላት ወደ መስጊድ ሲወጡ ሸሚዙን ፊቱ ዘረጋሁት።

"ማን ናት የምታበላህ?"

አስተማሪው ጾመኛ ይዞ እንደማይነሳ፣ አየር ላይ ራሱን ቢያዞረው ለሁለቱም እንደማይበጅ፣ ሳይበላ ከመጣ እንደሚያስወርደው ነገረኝ። ያልጾምኩትን ቀን ሁሉ በኋላ ጾሜ ቀዷውን አወጣለሁ አለ። ታዲያ ለምን ደበቅከኝ አልኩት።

"ጾሙን በላ ከምትዪኝ፣ ሌላ ሴት አለው ብትዪኝ ይሻለኝ ነበር።"

ይህን ስሰማ ጭራሽ ጠረጠርኩት። እንዲህ ያማረ መልስ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው መልስ ነው። ጎፋ አልሄድኩም፤ ግን አላመንኩትም። ፈቃዱን አግኝቶ በጭነት አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ሆኖ ሲቀጠርም ሸሚዙን ሳላሸት አላጠብኩም። ዓመት ሳይሞላው በጉበት በሽታ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ሴቶች በገቡ ቁጥር ፊት ፊታቸውን ነበር የማየው። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች፣ የማላውቃት ልጅ እግር ገባች። ከዘመዶቹ ብሳ አለቀሰች። መርዋ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ተነስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምስጢር እባላለሁ፣ አብረን ነው የተማርነው አለችኝ።

"በረመዳን የምታበዪው አንቺ ነበርሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ።

"ሳምቡሳውን እኔ ነኝ የምገዛለት፣ እትዬ። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት የሙስሊም ስለሆነች ራሱ ገብቶ መግዛት ያፍር ነበር። ይዞት ከአውሮፕላን ማቆሚያው ጀርባ ይሄድና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል። አንዴ ሻይ ይዤለት ብሄድ፣ 'ተመለሽ እህቴ፣ ሰው እያየኝ አይወርድልኝም' አለኝ።"

ለመርዋ ምንም አልነገርኳትም። ለልጅቷ ውሃ አመጣሁላት።

ቀዷውን ጨርሶ እንደሆነ ሳልጠይቀው ነው የሞተው። አሁን እኔ እጾምለታለሁ። ስንት ቀን እንደቀረበት ስለማላውቅ የት ላይ እንደማቆም አላውቅም።